ቀለሙ የጠፋው ዋግ

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከባሌ ሮቤ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ፣ ለስንዴ ገበሬዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጠሁ። ርእሱ የስንዴ ዋግ ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ሥልጠና ሰጥቻለሁ፤ ኅሊናዬን የሚቆጠቁጠኝ ግን ያኛው ነው።

ለዓመቱ ሥልጠና የተያዘው በጀት በእጄ ነበር። በምን እንደሚውል የምወስነውም እኔው ነበርኩ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ ፕሮጀክተር፣ አነስተኛ ጀነሬተርና ሞንታርቦ ገዛሁ። በመጠየቂያው ላይ “የሥልጠናውን ጥራት ለማሳደግ” ብዬ ጽፌአለሁ። ልቤ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ባለሙያዎች ሮቤ ላይ በሆቴል አዳራሽ በፕሮጀክተር ሲያሠለጥኑ አይቼ እንደነሱ መታየት አማረኝ። ከዚህ የባሰም አለ። ጎባ ተወልጄ ባድግም ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፣ የሰብል በሽታ ለማስረዳት አይበቃም። ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ሲያይ እኔን የሚያይ የለም፤ የሚጠይቀኝም ይቀንሳል። መሣሪያውን የገዛሁት ልደበቅበት ነው።

ዋግን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የስንዴ ዋግ ሦስት ዓይነት ያለው የፈንገስ በሽታ ነው። ቢጫ ዋግ ቅጠሉ ላይ እንደተሰመረ መስመር ተሰልፎ ይወጣል። የቅጠል ዋግ እዚህም እዚያም የተበተነ ብርቱካንማ ነጥብ ነው። የግንድ ዋግ ደግሞ የሸክላ ቀለም ይዞ አገዳውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። እንግዲህ ገበሬው አንዱን ከሌላው የሚለየው በቀለሙ፣ በአወጣጡና በመዳሰሱ ነው። በባሌ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ስንዴ በዓመት ሁለቴ፣ “ገና” እና “ቦና” በሚባሉት ወቅቶች ስለሚመረት፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ስለሚበቅል፣ ዋጉ ዓመቱን ሙሉ ማደሪያ አያጣም። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ መታው። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በየማሳው ላይ “ዲገሉን ዋግ አይነካውም” ይባል ጀመር። ሥልጠናዬ ማረም የነበረበት ይህንን አባባል ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች መዝጊያ አልነበራቸውም። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅለን፣ ጀነሬተሩን ደጅ አስነስተን ጀመርን። የባሌ የጥቅምት ፀሐይ ቀለሙን ሁሉ በላው። ቢጫውም፣ ብርቱካንማውም፣ የሸክላ ቀለም ያለውም አንሶላው ላይ አንድ ዓይነት የገረጣ ነገር ሆኑ። ጤፍ የምታክል የዋግ ነጥብ ምጣድ አክላ ወጣች። ጀነሬተሩ ሲጮህ ሞንታርቦውን ከፍ አደረግሁ፤ ሞንታርቦው ሲጮህ የሚያስተረጉምልኝ ወጣት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ድምፅ ጠፋ።

መሐል ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እጃቸውን አነሡ። “ልጄ፣ ይሄ ትልቁ ነገር ምንድን ነው? ቀለሙስ ምን ዓይነት ነው?” አሉ። ወጣቱ ተረጎመልኝ። ጥያቄው ትክክል እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል። “ዋግ ነው፤ ዝርዝሩ ቀጥሎ ይመጣል” ብዬ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፍኩ። ቀጥሎ የመጣው የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ስም ዝርዝር ነበር። እሳቸውም ዝም አሉ።

ከአዳራሹ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ስንዴ ቆሞ ነበር። በሩን ከፍቼ ሰዎቹን ይዤ መውጣት ይቻለኝ ነበር። ሐሳቡ እንኳ አልመጣብኝም።

ኅዳር ላይ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው። ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዝርያ፣ ለዚያ ለመጣው የግንድ ዋግ ዘር መከላከያ አልነበረውም። ጉዳቱን ለመመዝገብ ወደዚያው ቀበሌ ስንመለስ የእኒያ እናት ማሳ መንገዳችን ላይ ነበር። ማሳው መሐል ገብተን ስንወጣ ሱሪያችን ጉልበታችን ድረስ ቀልቷል። “ዋግ ቢጫ ነው እያልን ነው የኖርነው። ይሄንን ነፋስ ያመጣው አቧራ መስሎኝ ነበር” አሉ። ጥያቄያቸውን አላነሡብኝም። ምናልባት ረስተውታል። እኔ አልረሳሁትም፤ ግን ያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ቀድመው ቢለዩት ማሳቸው ሙሉ በሙሉ ይድን ነበር አልልም፤ በሽታው ብርቱ፣ መድኃኒቱም ውድ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ነጥብ በታየበት ሳምንት የሚረጭና ማሳው ከቀላ በኋላ የሚረጭ እኩል አይደሉም። የዋግ ሥልጠና ዋና ፍሬው ያቺን ሳምንት ለገበሬው ማትረፍ ነው። እኔ ያቺን ሳምንት ነው የነፈግኋቸው።

እዚያው ቆመን ሳለ ወጣቱ የልማት ሠራተኛ ከኪሱ ነጭ ሶፍት አውጥቶ አገዳውን ጠረገና ቀዩን እድፍ አሳያቸው። ከዚያ አንድ ሌላ ቅጠል ፈልጎ በሌላው ጫፍ ጠረገ፤ ቢጫ ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘላቸው። “ዋጊ ሁለት ነዋ!” አሉ እናትየዋ። ዋግን ኦሮምኛውም ዋጊ ነው የሚለው፤ ለዚህ አስተርጓሚ እንኳ አላስፈለገኝም። የሙሉ ቀን ሥልጠናዬ ያላስተማረውን ያቺ ሶፍት አስተማረች።

ቀላል መርጃ እንደሚያስተምር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እናቴ ማንበብ የቻለችው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በከሰል በጠቆረ ሳንቃ ላይ ፊደል እንዴት እንደቆጠረች ስትተርክልኝ ነው ያደግሁት። ዘመቻው በ15 ቋንቋ እንዲሰጥ የተደረገው ሰው በሚሰማው ቋንቋ እንዲማር ነበር። እኔ ግን ስላይዶቼን በአማርኛ ጽፌ ኦሮምኛ ተናጋሪ ፊት ሰቀልኩ። ዴቪድ ወርነርና ቢል ባወር በ1982 እ.ኤ.አ. ለጤና ሠራተኛ አሠልጣኞች ባወጡት መጽሐፍ፣ ሠልጣኞቹ ራሳቸው በአካባቢያቸው ከሚገኝ ነገር የሚሠሩት መርጃ ከፋብሪካው እንደሚበልጥ በብዙ ሥዕል ያሳያሉ። በ1976 እ.ኤ.አ. ኔፓል ውስጥ በዩኒሴፍ የተደረገ ጥናትም፣ የገጠር ሰው የቀረበለትን ሥዕል ሠዓሊው ባሰበው መንገድ ላያየው እንደሚችል አሳይቷል። ሥዕል ማንበብ እንደ ፊደል የሚለመድ ነገር ነው። ምጣድ ያከለች ነጥብ ያየ ሰው ማሳው ውስጥ የሚፈልገው ምጣድ የሚያክል ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለውጫለሁ። አቡጀዲ ገዝቼ ጎባ ውስጥ የታፔላ ሥዕል በሚሠራ ሰው ሦስቱን ዋጎች አሣልኩ፤ ከትልቁ ሥዕል ጎን እውነተኛ መጠኑን በትንሹ አስደረግሁ። ሥዕሉን ለሥልጠና ከማውጣቴ በፊት ለአምስት ስድስት ገበሬዎች አሳይቼ “ምን ይታያችኋል?” ብዬ እጠይቃለሁ፤ የመጀመሪያው ሥዕል በርበሬ ነው ተብሎ ተመልሶ ተሠርቷል። የታመመ ቅጠልና አገዳ አድርቄ በላስቲክ ለብጬ አስነካለሁ። ከዚያ ሁላችንም ነጭ ጨርቅ ይዘን ማሳ እንገባለን።

ለድምፁም እንዲሁ ነው። ባሌ ደጋ ላይ ነፋስ አለ፤ ሞንታርቦ ሜዳ ላይ ሲከፈት ግማሹ ቃል ወደ ተራራው ይሄዳል። ዲገሉ የመከነባትን አንዲት ሴት ታሪኳን በራሷ ኦሮምኛ በስልኬ ቀርጬ በሚሞሪ ካርድ ሰጠሁ፤ ገበያ ቀን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰማሁት። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች የ8028 የምክር ስልክ መስመርም በነፃ ይደወላል፤ ኦሮምኛም አለው። ስልኩን በላውድ ከፍቶ መሐል ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ ዘግቶ መወያየት።

መሣሪያን ሁሉ አልጠላም። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በሀገራችን ያስለመደው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚታዩበት አጭር ፊልምና እያስቆሙ መጠየቅ ጥሩ ነገር ነው። እኔ የገዛሁት ግን ያንን አልነበረም።

ሥዕል የሣለልኝ ሰው ደረሰኝ የለውም፤ ፕሮጀክተር ደረሰኝ አለው። ብዙ ጊዜ ይህንን እንደ ምክንያት አቅርቤአለሁ። ሰበብ ነው። አቡጀዲውም ቀለሙም ደረሰኝ አላቸው፤ የእጅ ዋጋውንም በቃለ ጉባኤ መክፈል ይቻል ነበር። የጎደለው ደረሰኝ አልነበረም።

የዚያ ቀን አቴንዳንስ ላይ 62 ፊርማና አሻራ አለ። ሪፖርቱን “62 ገበሬዎች የስንዴ ዋግን ዓይነቶች ለይተው እንዲያውቁ ሠልጥነዋል” ብዬ ጽፌ ፈርሜ ልኬአለሁ። አላሠለጠንኳቸውም።