በረካው ሲቀጥን

እኛ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቡና ተጠርቶ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ ጎረቤት ይታማል። በረካው ቢቀጥንም ይጠበቃል። እኔም በአንድ ተከታታይ ልቦለድ እንዲሁ ተይዤ ከረምኩ።

አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ነው። ወይዘሮ ራሞትስዌ ከአባቷ የወረሰችውን ከብት ሸጣ፣ በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኒ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ደም ብዙ አይፈስም፤ ባል ይጠፋል፣ መኪና ይሰረቃል፣ እሷ ሻይዋን እየጠጣች ትደርስበታለች። ደስ ይላል። ግን ከ20 በላይ ቅጽ! ከአስረኛው ወዲያ ምስጢሩ ቀጥኖ ሻዩ ብቻ ቀረ።

እንዳልተወው፣ መጻሕፍቱን ከባሕር ማዶ የሚልክልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሲደውል ጤና ተጠያይቀን እንዳበቃን ወሬያችን የወይዘሮዋ ጉዳይ ነው። እሷን ካነሳን ምን ይተርፈናል?

በቀደም ጨክኜ፣ «ጋሼ፣ ሰለቸኝ እኮ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ለካ እሱ ስምንተኛው ላይ አቁሞ ኖሯል! ቀሪውን የሚገዛው ለእኔ ሲል፣ የሚያወራውም እኔው ከነገርኩት እየቃረመ።

መጽሐፉ ይቅር ተባባልን። ስልኩን ግን የዚያን ዕለት ቶሎ አልዘጋነውም። ለካስ ሁለታችንም በረካውን የጠጣነው ቡናው ጥሞን ሳይሆን፣ ቀድሞ መነሳቱን ፈርተን ነው።