ለእናቱ የጻፈው መዝሙር

ባለፈው ክረምት በወላይታ ሶዶ አንዲት እናት ለማጽናናት ሄድን። ልጃቸው ለእንጀራ ብሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ወጣ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ አስከሬኑም አልመጣም። እንደ ልማዳችን ኢየሱስ ወዳጃችን መሆኑን የሚናገረውን ያን የቆየ መዝሙር አነሣን። ሁለተኛው ቁጥር ላይ ስንደርስ እናታችን ቀና አሉና፣ “ወዳጅ ከሆነ ልጄን በመንገድ ለምን አልጠበቀልኝም?” አሉን። ዝማሬው ቆመ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ የተማርነው ሁሉ በዚያ ድንኳን ውስጥ ጠፋብን። ጸልየን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ነው የመዝሙሩን ደራሲ ታሪክ እንደ ገና ያነበብነው። ጆሴፍ ስክሪቨን እ.ኤ.አ. በ1819 በአየርላንድ ተወለደ። በደብሊን ተምሮ ሊያገባ ሲል፣ በሠርጉ ዋዜማ እጮኛው ውሃ ውስጥ ሰጥማ ሞተች። አገሩን ትቶ ካናዳ ገባ። በ1855 እናቱ በኀዘን ላይ መሆናቸውን ሰማ፤ መካከላቸው ግን ውቅያኖስ ነው። ግጥሙን ጽፎ ላከላቸው። ቻርልስ ኮንቨርስ በ1868 ዜማ አወጣለት።

ወገኖች ሆይ፣ እኛ ይህን መዝሙር ችግሩ እንደ ተፈታለት ሰው መዝሙር አድርገን ስንዘምረው ኖረናል። ስክሪቨን ግን ርቆ የቀረ ልጅ ነበር፤ ራሱ ሊደርስበት ወዳልቻለው ቤት ወዳጁን ላከ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለተኛ እጮኛውም ከሠርጋቸው በፊት ታማ ዐረፈች። እርሱ የድሆችንና የመበለቶችን እንጨት ያለ ክፍያ እየቆረጠ ኖረ። በ1886 እርሱም ውሃ ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ወዳጆች ያላቸው (ዮሐ. 15፥15) በተያዘባት ሌሊት ነው። ከሰዓታት በኋላ ጥለውት ሸሹ፤ ወዳጅነቱን ግን አልነሣቸውም። የእኛም አባቶች ይህን ወዳጅ ያወቁት በደኅና ቀን አይደለም። በ1937 ሚስዮናውያን ከሶዶ ሲወጡ አማኞቹ ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበሩ። እነ ዋንዳሮ ዳባሮ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ ምእመናን ጠበቋቸው። በየኮንፈረንሱ ይህን ስንተርክ የመጨረሻው ቁጥር ደስ ይለናል፤ የጅራፉን ዘመን ቶሎ እናልፈዋለን።

ወደ እናታችን ቤት ተመለስን፤ መልስ ይዘን አይደለም። ወጣቶቻችን በጓሮ የተከመረውን ባሕር ዛፍ ሲፈልጡ፣ እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ይህን ታሪክ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን።

“ለእናቱ ነው የጻፈው?”

“አዎ፣ ለእናቱ ነው።”

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ጥቂት ቆይተው፣ “ያን ቀን ሳትጨርሱት ነው የሄዳችሁት፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነበራችሁ” አሉን።