ስለ ፈረሰው የቶኪዮ ብሔራዊ ሜዳ

ሰው አሮጌ ቤት ሲያፈርስ ድንጋዩንና እንጨቱን ይቈጥራል፤ በቤቱ ውስጥ የተወለደውንና የሞተውን ግን የሚቈጥር ጥቂት ነው። ስለዚህ ለማፍረስ ጕልበት ብቻ አይበቃም፤ ከፍርስራሹ ውስጥ ምን ይዞ መውጣት እንደሚገባ የሚለይ ልብ ደግሞ ያስፈልጋል። ለዚህ ነገር በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ የነበረው ብሔራዊ ሜዳ መልካም ምሳሌ ነው። በአንድ ስፍራ ላይ አንዱ ሲፈርስ ሌላው እየተተካ እስከ ዛሬ ሦስት ሜዳዎች ቆመዋል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች፥ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ፊተኛው ሜዳ በ1924 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥት ሜጂ መታሰቢያ በቆመው መቅደስ የውጭ አትክልት ውስጥ ተሠራ። የ1940 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ጨዋታ ለቶኪዮ ተሰጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ጃፓን ከቻይና ጋር በጦርነት ላይ ስለ ነበረች በ1938 ዓ.ም. ዕድሉን መለሰች። በጨዋታው ፈንታም ሌላ ሰልፍ መጣ። ኦክቶበር 21 ቀን 1943 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የተወሰዱት ተማሪዎች ወደ ጦርነት የተሸኙት ከዚህ ሜዳ ነው። 25,000 ያህል ጐልማሶች የተማሪ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፥ ጠመንጃ በትከሻቸው ተሸክመው በዝናብ ውስጥ ተሰለፉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶጆ ንግግር አደረገ፤ ከተማሪዎቹም አንዱ ስለ ሁሉም ሆኖ በሕይወት እንመለሳለን ብለው እንደማይጠብቁ ተናገረ። እንደ ተናገረውም ከእነርሱ ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የአሜሪካ ጦር ሜዳውን እስከ 1952 ዓ.ም. ያዘውና ናይል ኪኒክ ብሎ ሰየመው። ኪኒክ በአገሩ በአሜሪካ ኳስ ስሙ የታወቀ ተጫዋች ነበረ፤ በዚያው በ1943 ዓ.ም. የባሕር ኃይል አውሮፕላን ሲያበር በ24 ዓመቱ ሞተ። እንግዲህ ጠላት የነበረው ወገን የሰጠው ስም እንኳ ሳይመለስ የቀረ ጐልማሳ ስም ነበረ።

ይህ ሜዳ ፈርሶ በስፍራው ብሔራዊ የተባለው ሁለተኛው ሜዳ በ1958 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ በዚያውም ዓመት የእስያ ጨዋታ ተደረገበት። የጨዋታው እሳት የሚነድበትን ታላቅ የብረት ማንደጃ እንዲሠራ በካዋጉቺ ከተማ የሚኖር ሱዙኪ ማንኖሱኬ የሚባል ሽማግሌ ብረት አቅላጭ ታዘዘ። ዳሩ ግን ቀልጦ የፈሰሰው ብረት ቅርጹን ጥሶ ወጣና ሥራው ተበላሸ፤ ሽማግሌውም በድካምና በኀዘን ታሞ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። ልጁ ቡንጎ ከወንድሞቹ ጋር ሥራውን እንደ ገና ጀምሮ በቀኑ አደረሰው። በ1964 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ጨዋታ ወደ ቶኪዮ ሲመጣ፥ ኦክቶበር 10 ቀን በዚህ ማንደጃ ላይ እሳቱን የለኰሰው ሳካይ ዮሺኖሪ የተባለ ወጣት ነው። እርሱም በሂሮሺማ አውራጃ የተወለደው የአቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ከተማ በወደቀበት ዕለት፥ ኦገስት 6 ቀን 1945 ዓ.ም. ነበር።

ከዚህ በኋላ በዐሥራ አንደኛው ቀን፥ ኦክቶበር 21፥ አበበ ቢቂላ ለማራቶን ተሰለፈ። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣለት ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሯጮቹ ከሜዳው ወጥተው በኮሹ ጐዳና እስከ ቶቢታኪዩ ድረስ ሄደው ተመለሱ። አበበ ብቻውን ቀድሞ ገባ፤ ሩጫውንም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ። ከዚያ በፊት ያን መንገድ እንዲህ ፈጥኖ የሮጠ አልነበረም፤ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈም የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። ተመልካቹ ደክሞ ይወድቃል ብሎ ሲያየው እርሱ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ተከታዩ እስኪገባም አራት ደቂቃ አለፈ።

ተማሪዎቹ የተሸኙበትና አበበ የገባበት ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር አንድ ነው፤ በመካከሉ ልክ 21 ዓመት አለ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ግን የፊተኛው ጥቅምት 10 ቀን 1936 ዓ.ም.፥ የኋለኛው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የ1935 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና የ1936 ዓ.ም. መስከረም በአንድ ቀን እንደ ዘገየ፥ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። ቀኑ እንደ አቈጣጠሩ ቢለያይም ስፍራው ግን አይለያይም። ጐልማሶች እንዳይመለሱ በተሸኙበት መሬት ላይ፥ ሮጦ ወጥቶ በደኅና የተመለሰ የሌላ አገር ጐልማሳ በታላቅ ጭብጨባ ተቀባይ አገኘ። በዚያ ቀን ከተቀመጡት ተመልካቾች መካከል በ1943 ዓ.ም. ወንድሙን ወይም ልጁን የሸኘ ሰው ቢኖር፥ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያስቸግርም።

ዳሩ ግን የዚያ ቀን ደስታ ያለ ኀዘን አልነበረም። ጹቡራያ ኮኪቺ የሚባለው ጃፓናዊ ወታደር ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ ሳለ፥ በሜዳው ውስጥ በአገሩ ሰው ፊት እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀድሞት ሦስተኛ ሆነ። ሕዝቡ አከበረው፤ እርሱ ግን ነገሩን በአገሩ ላይ እንደ ፈጸመው በደል ቈጠረው። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ሊክስ ቢያስብም ሰውነቱ ታመመበት፤ በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ በ27 ዓመቱ፥ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። የሕዝብ ተስፋ በአንድ ጐልማሳ ትከሻ ላይ ሲከብድ በሰላም ዘመን እንኳ እንደሚገድል ከዚህ ይታወቃል።

የእግር ኳስ ወዳጆች ደግሞ ይህን ሜዳ የኳሳቸው ቅዱስ ስፍራ ይሉት ነበር። ከማራቶኑ በኋላ በሁለተኛው ቀን ሀንጋሪ ቼኮዝሎቫኪያን 2 ለ 1 አሸንፋ የኦሎምፒክን ዋንጫ የወሰደችው በዚህ ነው። በ1979 ዓ.ም. ወጣቱ ማራዶና የአርጀንቲናን ወጣቶች እየመራ በዓለም የወጣቶች ዋንጫ ፍጻሜ ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 1 ረታ። ከ1981 እስከ 2001 ዓ.ም. የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ባለ ዋንጫዎች በየዓመቱ እየመጡ እርስ በርሳቸው የገጠሙት በዚህ ሜዳ ነው። ሜይ 15 ቀን 1993 ዓ.ም. የጃፓን የሙያ ተጫዋቾች ማኅበር የመጀመሪያ ግጥሚያውን ሲያደርግ 59,626 ሰው ተገኘ። በዚያው ዓመት፥ የተማሪዎቹ ሽኝት 50 ዓመት ሲሞላው፥ በሜዳው አጥር አጠገብ የመታሰቢያ ድንጋይ ተተከለላቸው። ኀዘኑን በድንጋይ ለመጻፍ ከደስታው ይልቅ ብዙ ዘመን ፈጀ።

በ2014 ዓ.ም. ሜይ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ሜዳውን ተሰናበተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ፈረሰ። ለአዲሱ ሜዳ ዛሃ ሐዲድ ያወጡት ንድፍ ተመርጦ ነበር፤ ነገር ግን ወጪው ከ250 ቢሊዮን የን በላይ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ አጕረመረመና በጁላይ 2015 ዓ.ም. ንድፉ ተሻረ። የሚሠራው ነገር ሳይቈርጥ የነበረው ፈርሶ ተገኘ። በአጠገቡ በነበረው የመንግሥት መኖሪያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎችም እንዲለቁ ተደረገ፤ ከእነርሱም መካከል በ1964 ዓ.ም. ጨዋታ ምክንያት አንድ ጊዜ ተነሥተው በእርጅናቸው ዘመን ሁለተኛ የተነሡ ነበሩበት። ስለ ሜዳው ታላቅነት የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሊረሳ አይገባውም።

ሆኖም ብዙ ነገር በጥንቃቄ ወጥቶ ተጠብቋል። የሱዙኪ አባትና ልጅ የደከሙበት ማንደጃ የባሕር ማዕበል በ2011 ዓ.ም. ወዳጠፋት ወደ ኢሺኖማኪ ከተማ በውሰት ተልኮ ለተጐዳው ሕዝብ መጽናኛ ሆነ፤ በኋላም ወደ ስፍራው ተመለሰ። ሃሴጋዋ ሮካ በጠጠር ያሠራቸው የግድግዳ ሥዕሎች ከግድግዳው ተቈርጠው ወጥተው በአዲሱ ሜዳ ተተከሉ። ይህ ሠዓሊ በኢጣልያ በቺቪታቬክያ የጃፓን ሰማዕታትን ቤተ ክርስቲያን የሣለ፥ እመቤታችንንም በጃፓን ልብስ አድርጎ ያሳየ ነው። የተማሪዎቹም ድንጋይ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ወደ ጎረቤቱ የራግቢ ሜዳ ተዛውሮ ቈየ።

ኬንጎ ኩማ የነደፉት ሦስተኛው ሜዳ በ2019 ዓ.ም. ተፈጸመ። ለክዳኑ ጠርዝ እንጨት የመጣው ከአርባ ሰባቱ የጃፓን አውራጃዎች ሁሉ ነው። ወንበሮቹም ቀለማቸው ስለ ተዘበራረቀ ሰው ሳይቀመጥባቸው የሞሉ ይመስላሉ። ይህ ብልሃት ሳይታሰብ አስፈለገ፤ በወረርሽኙ ምክንያት በ2021 ዓ.ም. የተደረገው ኦሎምፒክ ያለ ተመልካች ሆነና፥ ሰሎሞን ባረጋ 10,000 ሜትሩን ሲያሸንፍ ሕዝብ የሚመስል ቀለም እንጂ ሕዝብ አላየውም። አበበ የገባው በሕዝብ ጩኸት መካከል ነው፤ ሰሎሞን የገባው በዝምታ ነው። ሁለቱም ግን የረገጡት ያንኑ መሬት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ሜዳ ቢያረጅ ይፈርሳል፤ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው የዋንጫውን ቀን ብቻ መርጦ ማውጣትና የዝናቡን ቀን ከፍርስራሹ ጋር መቅበር ነው። በቶኪዮ ማንደጃውም ድንጋዩም ወጥተዋል፤ አንዱ የተመለሰውን፥ ሌላው ያልተመለሱትን ያስታውሳል። ሁለቱን ይዞ የወጣ ሰው ቤቱን አፈረሰ ይባላል እንጂ ታሪኩን አጠፋ አይባልም።