አንድ ቀን የጎደለው ዓመት

ጠበቃዋ የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ወንድሜ ከሚሠራበት መጋዘን አለቃ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከደብራችን አስተዳዳሪ ምስክርነት፣ እኔ ራሴ ደግሞ የወንድሜን ሕይወት በሁለት ገጽ እንድጽፍላት። ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ። አንዱንም አላመጣሁላትም።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያትል ውስጥ ነው። ታናሽ ወንድሜ አብሮት ከሚኖር ሰው ጋር በቤት ኪራይ ተጣልቶ በወጥ ቤት ቢላ ክንዱን አቆሰለው። የተከሰሰው በሁለተኛ ደረጃ ጥቃት ነው፤ ቢላው ብቻውን አንድ ዓመት ያስጨምራል። ጠበቃዋን የመደበለት መንግሥት ስለነበር ገና ፊቷን ሳላይ ጠረጠርኳት። ከሳሹም ተከላካይዋም ደሞዛቸው ከአንድ ካዝና ነው፣ ተመካክረው ልጁን ሊበሉት ነው አልኩ። ጠበቃ መግዛት ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በጌዲዮን ጉዳይ እንደወሰነ አላውቅም ነበር፤ ለማወቅም አልጠየቅሁም።

እሷ ግን ሥራዋን ስትሠራ ነበር። ተበዳዩ ቀድሞ እንደገፋው የሚናገር ጎረቤት አገኘች። ቁስሉ ጥልቅ እንዳልነበር የሚያሳየውን የሆስፒታል መዝገብ አወጣች። ዋናው ምስክር ወደ ሌላ ስቴት መሄዱንም ደረሰችበት። ይህን ሁሉ ይዛ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ የሄደችው ወንድሜ ንጹሕ ነው ለማለት አልነበረም። «በዚህ ማስረጃ አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት ፊት ብትቆም እንደምትረታ እርግጠኛ ነህ?» ለማለት ነው። ደብዳቤዎቹን የፈለገቻቸው ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ከመዝገቡ ቁጥር ጀርባ ሰው እንዲያይ ነበር። እነሱም ሳይኖሩ፣ ወንድሜ ጥፋተኛ ነኝ ካለ ክሱ ወደ አራተኛ ደረጃ ጥቃት እንዲወርድ ዐቃቤ ሕጉን አስማማች። ቅጣቱ 364 ቀን፣ አብዛኛው በገደብ።

«365 እና 364 ምን ልዩነት አላቸው?» ብዬ ተቆጣኋት። አልተቆጣችም። በአስተርጓሚ ሁለት ጊዜ አስረዳችኝ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በኃይል ጥቃት አንድ ዓመት ከተፈረደበት፣ ቅጣቱ በገደብ ቢቀር እንኳ፣ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ከከባድ ወንጀል ቆጥሮ ከአገር ያስወጣዋል፤ ግሪን ካርዱ አያድነውም። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ አውጪዎች በ2011 የእንዲህ ያለውን ጥፋት የቅጣት ጣሪያ ከ365 ወደ 364 ቀን ያወረዱት ለዚሁ ነው። ያቺ አንዲት ቀን የወንድሜ ዕድሜ ነበረች። ዐቃቤ ሕጉ እስከ ዓርብ ቀን ሰጠን።

ወንድሜ ሊቀበል ነበር። ብዕሩን አንስቶ ወደ እኔ አየ። «ንጹሕ ሰው ጥፋተኛ ነኝ አይልም፤ ሰው ምን ይለናል?» አልኩት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቃሌ እንደ አባት ቃል ነው፤ ብዕሩን አስቀመጠው። ይህ ነው ሌሊት የሚያባንነኝ። እኔ እኮ ያደግሁት ጎጃም፣ አያቴ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ደም ሲያደርቅ እያየሁ ነው። ገዳይና የሟች ወገን በእርቅ ሲጨባበጡ ያየ ዓይን፣ እዚህ ሲደርስ ድርድርን ውርደት አድርጎ አየው።

ጁሪው ጥፋተኛ አለው። ስድስት ወር ለጥቃቱ፣ አሥራ ሁለት ለቢላው፣ በድምሩ 18 ወር። ፍርዱን ሲጨርስ ከወህኒ ቤት በቀጥታ ወደ ታኮማ የኢሚግሬሽን ማቆያ ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ነው ሕግ ማንበብ የጀመርኩት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 2012 የወሰነውን የኩፐርን ጉዳይ አገኘሁ። ሰውየው ዲትሮይት ውስጥ ሴት በጥይት አቁስሎ ከ51 እስከ 85 ወር የሚያስቀጣ ስምምነት ቀርቦለት ነበር። በጠበቃው የተሳሳተ ምክር አልቀበልም ብሎ ተከራከረና ከ185 እስከ 360 ወር ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ፣ ጠበቃ በስምምነቱ ላይ በሰጠው መጥፎ ምክር ለተጎዳ ተከሳሽ መፍትሔ ይገባዋል አለ። ዳኛ ኬኔዲ በዚያው ቀን፣ በፍራይ ጉዳይ፣ ከፌዴራል የጥፋተኝነት ፍርዶች 97 በመቶው፣ ከስቴቶቹ 94 በመቶው ጥፋተኛ ነኝ በማለት እንደሚያልቁ ጽፏል። ልቤ ዘለለ። በር ያገኘሁ መሰለኝ።

በሩ ግን የተከፈተው ጠበቃው ላጠፋበት ሰው ነው። የእኛ ጠበቃ አላጠፋችም። ስምምነቱን አምጥታለች፣ አስረድታለች፣ ተቀበሉ ብላ ለምናለች። ታላቅ ወንድም ላጠፋው ጥፋት ይግባኝ የለም።

ወንድሜ አሁን አዲስ አበባ ነው። ልጁ እዚህ እናቷ ዘንድ ቀርታለች፤ አባቷን የምታየው በስልክ ነው።

ከወገኖቻችሁ አንዱ ተከስሶ ጠበቃው ደብዳቤ ከጠየቃችሁ፣ ሳታድሩ ጻፉለት። ስምምነት ሲመጣ ቃል በቃል አስተርጉሙለት። ውሳኔውን ግን ለተከሳሹ ተዉለት፤ ብዕሩን ሲያነሳ ዓይኑን አትመልሱት።