ባርታ ፏፏቴ፦ ከልጆች ጋር ወደ ካፋ ጫካ

«ፏፏቴ» ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ጢስ ዓባይ ነው። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አይተነዋል፤ በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባም ነበር። በበጋ ሄዶ ላየው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ፏፏቴው ቀጥኖ ይጠብቀዋል። በካፋ ዞን፣ በቦንጋ አካባቢ ያለው ባርታ ፏፏቴ ስሙ ያን ያህል አይነሳም፤ ከጫካ ውስጥ ስለተደበቀም በመኪና መስኮት አይታይም። እኔና ባለቤቴ የልጆቹ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና እንዳለቀ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችንንና የስድስት ዓመት ታናሹን ይዘን ሄድን።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ልጆች ካሉ መንገዱን ለሁለት መክፈል ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን በወልቂጤ በኩል የግቤን በረሃ አቋርጣችሁ ጅማ ታድራላችሁ። በማግስቱ ሸቤን አልፋችሁ የጎጀብን ወንዝ ስትሻገሩ ካፋ ገባችሁ ማለት ነው። ከጎጀብ ሙቀት ወደ ጊምቦ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የመንገዱ ግራና ቀኝም እየጠቆረ ይሄዳል። በዚያ አካባቢ አረንጓዴው በጣም ስለሚጠቆር «ጥቁር ደን» ቢሉት የሚጋነን አይመስለኝም።

በእግር

መኪና ካቆምንበት በኋላ ያለው በእግር ነው። አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው። ገና ስንነሳ ልጆቹን «ቀስ ብላችሁ ከሄዳችሁ ብዙ ታያላችሁ» አላቸው፤ እውነቱን ነበር። መጀመሪያ በእንሰት ጓሮዎች መካከል ያለፈችው ቀጭን መንገድ ጫካው ውስጥ ስትገባ ጥላው በአንድ ጊዜ ተከደነብን። ከላይ ጉሬዛዎች ነጩን ጭራቸውን እያውለበለቡ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ከሥር ማንም ያልተከለው ቡና አለ፤ በጥላ ስላደገ ግንዱ ቀጭንና ረጅም፣ ፍሬውም የተበታተነ ነው። በካፍኛ ቡና «ቡኖ» እንደሚባል የሰማው ልጄ ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ «ቡኖ! ቡኖ!» እያለ በጣቱ ሲያሳየን ነበር። ታናሹ ደግሞ ከአንድ ተክል ግርጌ፣ አፈሩ ላይ የተቀመጠ ቀይ ፍሬ አገኘች። አስጎብኚው ሰንጥቆ ሲያሸታት «የእማማ ወጥ!» ብላ ጮኸች። ኮረሪማ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ መሬቱ ያዳልጣል። ትንሿን ባለቤቴ አዘላት፤ እኔም የአስጎብኚውን እጅ ያዝኩ። «አይዞሽ እህቴ፣ ድምፁ ተሰማ» አለኝ። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ቀጥሎ ፊት ላይ ርጥበት ይመጣል። ከዚያ ቅጠሉ ሲገለጥ ውሃው ከጥቁሩ ገደል ላይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ከሥርም በድንጋዮቹ መካከል እየተንሸራተተ ተመልሶ ጫካው ውስጥ ይጠፋል። ልጆቹ ለደቂቃዎች ምንም አላሉም፤ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ብርቅ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ዝምታውን የሰበረው ልጄ ነው፦ «ጋሼ፣ ዝናብ ሳይኖር ውሃው ለምን አያልቅም?»

አስጎብኚው ከመሬት አንድ እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል አንስቶ ጨመቀው፤ በጣቶቹ መካከል ውሃ ተንጠባጠበ። ከዚያ የተሻለ መልስ የለም። በክረምት የሚወርደው ዝናብ የዛፎቹ ቅጠል ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይህ ወፍራም የቅጠል ምንጣፍ ይቀበለዋል፣ ሥሮቹ በከፈቱት ቀዳዳ ወደ አፈር ይሰርጋል። በበጋ ያንኑ ጥቂት በጥቂት ለምንጮቹ ይለቃል። ከላይ ያለው ጫካ ከተመነጠረ ግን ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይሮጣል፤ ወንዙ ክረምት ላይ ደፍርሶ ይሞላል፣ በጋ ላይ ይሳሳል። የጢስ ዓባይን ውሃ የሚወስነው ሰው የሚከፍተውና የሚዘጋው በር ነው፤ የባርታ በር ግን ጫካው ነው፤ አንዴ ከተሰበረ ቶሎ የሚጠገን አይደለም።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ዕለት ተዕለት የሚጠብቁት ግን በውስጡና በዳሩ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ልጆች ያስተምራሉ፣ እርሻም ይፈልጋሉ። በመልስ መንገዳችን አስጎብኚው ትልቅ ዛፍ ላይ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ባህላዊ ቀፎ አሳየን። «የአባቴ ነው። ዛፉን ብንቆርጠው የምንሸጠው አንድ ቀን ነው። ቀፎ ከሰቀልንበት ግን ማር በየዓመቱ አለ» አለን።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። «የቡና መገኛ» የሚለው ቃል በስንት ማሸጊያ ላይ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ቃሉ ብቻውን ግን ለዚያ ዛፍ ምንም አይከፍለውም። የሚከፍለው ማሩን፣ ኮረሪማውንና የጫካውን ቡና በተገቢ ዋጋ የሚገዛ ሰው፣ ለአስጎብኚውም የቀኑን ድካም የሚሰጥ እንግዳ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ

ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለእግር ጉዞ ይመቻል፤ ያኔም ቢሆን የዝናብ ልብስ ያዙ። ለልጆች ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ፣ ቅያሪ ካልሲና ምሳ ያስፈልጋል። ያለ አካባቢው አስጎብኚ አትግቡ፤ ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ገደሉ ጫፍ ላይ ልጆችን እጃቸውን ያዙ፣ የያዛችሁትን ፕላስቲክም መልሳችሁ አምጡ።

አንድ ቀን ብትጨምሩ ቦንጋ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም አላት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጉሚ ወንዝ ላይ ተፈጥሮ የሠራችው «የእግዜር ድልድይ» አለ፤ በሚዛን መንገድ ደግሞ የውሽውሽ ሻይ ማሳ ይገኛል። ካፋዎች የቡና እናት የሚሏት ማንኪራም በዚሁ ዞን ናት። ወደ ቤት ስትመለሱ ማር መግዛት አትርሱ፤ ስትገዙም ከየትኛው ጫካ እንደመጣ ጠይቁ። ሻጩ ደስ ብሎት ነው የሚነግራችሁ።