ጉሮሮና ኳስ

የመዘምራን ጓድ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በሚዘምርበት ጊዜ፣ በአንዱና በሌላው ዝማሬ መካከል ያለውን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፈው አድማጩ ብዙውን ጊዜ አያውቅም። እኛ ግን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀምረን በመዘምራን መካከል የኖርን ስለ ሆንን እውነቱን ለመናገር እንችላለን፤ ዘማሪ ዕረፍት ባገኘ ጊዜ፣ ይልቁንም የዓለም ዋንጫ በሚደረግበት ወራት፣ የሚፈልገው ቴሌቪዥን ያለበትን ሻይ ቤት ነው።

ችግሩ ያለው ከጉሮሮ ላይ ነው። በጉሮሮአችን ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ ጅማቶች አየር ከሳንባ ሲወጣ እየተገናኙና እየተለያዩ ይርገበገባሉ። ቴኖር የሚባለው ከፍተኛው የወንድ ድምፅ ወደ ጫፉ በወጣ ጊዜ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ከ400 ጊዜ በላይ ይገናኛሉ። ሰው ግብ ሲገባ በድንገት በጮኸ ጊዜ ግን ጅማቶቹ በኃይል ይማታሉና ያብጣሉ፤ ያበጠ ጅማትም የላይኛውን ድምፅ አያወጣም። መድኃኒቱ ውኃና ዝምታ ነው። ሰው ሁሉ የሚያዝዘው ማርና ዝንጅብል በሌላው መንገድ ወደ ሆድ ይወርዳል እንጂ ከጅማቶቹ ላይ አይደርስም፤ በዚህ ነገር ከእናቶቻችን ጋር ብዙ ተከራክረን አንድም ቀን አልረታንም።

ኳስንና ዜማን በማስማማት ረገድ፣ «ሦስቱ ቴኖሮች» ተብለው የታወቁትን ጣሊያናዊውን ሉቺያኖ ፓቫሮቲን፣ እስፓኛውያኑንም ፕላሲዶ ዶሚንጎንና ሆሴ ካሬራስን የሚተካከል የለም። ፓቫሮቲ የዩቬንቱስ ወዳጅ ነበር፤ ዶሚንጎ የሪያል ማድሪድ፣ ካሬራስ ደግሞ የባርሴሎና ነው። የዓለም ዋንጫን ተከትለው በ1990 በሮማ፣ በ1994 በሎስ አንጀለስ፣ በ1998 በፓሪስ፣ በ2002 በዮኮሃማ አዜሙ (ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንወደው ግን ቀኑን ነው። በሮማ በካራካላ ፍርስራሽ ውስጥ ያዜሙት ጁላይ 7 ቀን ሲሆን፣ ምዕራብ ጀርመን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ያሸነፈችው በማግስቱ ነበር። በሎስ አንጀለስም ጁላይ 16 ቀን አዚመው ፍጻሜው በ17 ሆነ። በፓሪስ ሁለት ቀን፣ በዮኮሃማ ሦስት ቀን አስቀደሙ። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት ለገበያው ብለው ይሆናል፤ በዘማሪ ዓይን ሲታይ ግን ትልቅ ጥበብ ነው። ሥራውን የጨረሰ ጉሮሮ ቢጮኽ ማንን ይጎዳል?

ከአራቱ እኛ የምናስበልጠው የሮማውን ነው፤ በኋለኞቹ ላይ ገንዘቡ በዝቷል። ካሬራስ በ1987 በደም ካንሰር ታሞ፣ በባርሴሎናና በአሜሪካ በሲያትል ታክሞ፣ ከሞት ደጃፍ የተመለሰ ሰው ነበር። በ1988 ለዚሁ በሽታ መከላከያ የሚሆን ድርጅት አቋቋመ፤ ከሮማው ዜማም ለዚህ ድርጅት ገንዘብ ተገኝቶለታል። ስለዚህ የማድሪዱ ሰው በዚያች ሌሊት ከባርሴሎናው ሰው አጠገብ ቆሞ ሲያዜም የታመመ ባልንጀራውን መቀበሉም ነበር።

የእኛ ነገር የዚህ ተገላቢጦሽ ሆነ። በ2022 የዓለም ዋንጫ በካታር በተደረገ ጊዜ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች የነበርን 12 የመንግሥት ሠራተኞች የዓመት ፈቃዳችንን ይዘን በዲላና በሐዋሳ ለመዘመር ወጣን። ከእኛ ጋር ከሕፃንነቱ ጀምሮ የዘመረ አንድ ቴኖር ኩላሊቱን ታሞ አዲስ አበባ ቀርቶ ነበርና፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእርሱ የኩላሊት እጥበት እንዲሆን አስበን ነው። እርሱ ስለ ቀረም የላይኛውን ድምፅ የሚይዝልን አንድ ሰው ብቻ ነበረን። የፍጻሜው ውድድር ዲሴምበር 18 ቀን እሑድ ማታ፣ የሐዋሳው ዝማሬ ደግሞ በማግስቱ ማታ ሆነ።

መሪያችን የሆኑት ሽማግሌ መምህር፣ «ልጆቼ፣ ኳሱን እዩ፤ አፋችሁን ግን ለነገ አኑሩልኝ» አሉን። በሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲጮኽ እኛ ብቻ ዝም ብለን ተቀመጥን። ያ ብቸኛ ቴኖራችን ጋቢውን በአፉ ላይ ጠቅልሎ በዓይኑ ብቻ ያይ ነበር። አርጀንቲና 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ፣ ምባፔ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ሁለት ግብ ባገባ ጊዜ፣ መጮኽ ስለ ተከለከልን አጨበጨብን። አሳላፊውም የጠራነው መስሎት እየሮጠ መጥቶ ሻይ ቀዳልን። በተጨማሪው ሰዓት 3 ለ 3 ሆነ፤ ደግሞ አጨበጨብን፤ ደግሞ ሻይ መጣ። አርጀንቲና በመለያ ምት 4 ለ 2 ስታሸንፍ ገበታው ላይ ያልተጠጣ ሻይ ተደርድሮ ነበር፤ ሒሳቡንም ከፍለናል።

ወዲያው የታመመው ወንድማችን ስልክ ደወለ። ድምፁ ሻክሮ ነበር። «እናንተ እንደማትጮኹ ስለማውቅ ስለ 12ታችሁም ጮኼላችኋለሁ» አለና፣ በአገራችን ቋንቋ በትግርኛ «ኣጆኹም» ብሎ ተሰናበተን። በሽተኛው ለጤነኞቹ አይዟችሁ ማለቱ ነው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ፤ ቴኖራችንም የላይኛውን ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ አወጣው። የተሰበሰበው ገንዘብ ለአምስት ሳምንት እጥበት የሚበቃ ሆነ። ይህን ልንነግረው ብንደውልለት፣ ጉሮሮው ገና ተዘግቶ ስለ ነበር ስልኩን የመለሰችልን እኅቱ ናት።