ስለ ቍስለኞቹ ኃያላን

የኃያል ሰው ታሪክ በተነገረ ጊዜ ሰሚው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰውዬው ምን ለማድረግ እንደሚችል ነው። ምን ያኽል ሸክም ያነሣል፤ እንዴት ይፈጥናል፤ ከስንት ጠላት ጋራስ ይታገላል ይላል። ኃይሉ ከየት እንደ መጣበትና ስለ ኃይሉ ምን እንደ ከፈለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደሚባለው፥ ተመልካች ውስጡን ያላወቀለትን ጀግና ቢያይ፥ ጡንቻውን አድንቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ የሚያስበው ነገር ይዞ አይመለስም። ስለዚህ የኃያላንን ማኅበር ታሪክ ወደ ቴሌቪዥን ለሚያመጣ ሰው ከባዱ ሥራ የሚበሩትንና የሚተኵሱትን ማሳየት አይደለም፤ ሰው መሆናቸውን ማሳየት ነው። ለዚህም ነገር ዱም ፓትሮል የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የሚበቃ ምሳሌ ይሆናል። የስሙ ትርጓሜ ለጥፋት የተዳረጉ ቃፊሮች እንደ ማለት ነው።

ይህ ማኅበር የተፈጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ነው፤ ከዚህም በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አርኖልድ ድሬክና ቦብ ሄኒ የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች ከሠዓሊው ከብሩኖ ፕሬሚያኒ ጋራ ሆነው፥ ዲሲ የተባለው ኩባንያ በሚያሳትመው የሥዕል ታሪክ መጽሔት በ80ኛው ቍጥር ላይ አወጡት። በዚያ ዘመን ኃያላን የሚባሉት አብዛኞቹ መልከ መልካሞችና በሕዝብ የተወደዱ ነበሩ። እነዚህ ግን አደጋ ያጐሳቈላቸው፥ ሰው የሚሸሻቸው፥ ራሳቸውም ከሰው ፊት የሚሸሹ ሆኑ። አንዱ አእምሮው ከብረት ገላ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ሁለተኛው መላ አካላቱ በፋሻ የተጠመጠመ ነው፤ ሦስተኛይቱ ሰውነቷ የሚያድግና የሚያንስ ተዋናይት ናት፤ አራተኛው ከተሽከርካሪ ወንበር የማይነሣ ሊቅ፥ አለቃቸው ነው። በ1989 ግራንት ሞሪሰን የተባለ ጸሐፊ ታሪኩን በተረከበ ጊዜ ደግሞ በአንዲት ሴት ውስጥ 64 ጠባዮች የሚኖሩባትን ጄንን ጨመረበት።

ከብዙ ዘመንም በኋላ ጄረሚ ካርቨር ይህን ታሪክ ወደ ተከታታይ ድራማ ለወጠው። የመጀመሪያው ክፍል በየካቲት 2019 በኢንተርኔት አማካይነት ለተመልካች ቀረበ፤ በኅዳር 2023 በተፈጸመም ጊዜ 4 ዙርና 46 ክፍል ሆኖ ነበር። በኢንተርኔት የሚታይ ድራማ ተመልካቹ በወደደው ሰዓት ከፍቶ የሚያየው፥ ሲፈልግም አቋርጦ የሚመለስበት ነው። ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠላትን አስነሥቶ፥ ጦርነትን አጋጥሞ፥ ድልን ማሳየት ይገባዋል፤ ለአንድ ሰው ጸጸት የሚተርፍ ጊዜ ከየት ያመጣል? የዚህ ድራማ የመጀመሪያው ዙር ግን ብቻውን 15 ክፍል ነበረው። ስለዚህ አንድ ክፍል ሙሉ ምንም ጦርነት ሳይደረግበት፥ አንድ ሰው ለራሱ የደበቀውን እውነት እስኪናገር ድረስ ሊጠብቅ ቻለ።

ደራሲው ያደረገው ታላቅ ለውጥ ይህ ነው፤ ኃይልን እንደ ስጦታ ሳይሆን የቍስል መልክ አድርጎ አሳየው። ክሊፍ ስቲል የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ነጂ ነበር። በአደባባይ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት፥ በቤቱ ግን ሚስቱን የከዳ፥ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ዓይነት ሰው ነበር። በ1988 በመኪና አደጋ ሚስቱ ሞተች፤ የእርሱም ገላ ጠፍቶ አእምሮው ብቻ ተረፈ። በብረት ገላ ውስጥ ሆኖ ሲነቃ መብላት አይችልም፤ የሰው እጅ ቢነካውም አይሰማውም። ሞታለች ብሎ ያለቀሰላት ልጁ በሕይወት እንዳለች በሰማ ጊዜ ደግሞ፥ ግንብ የሚያፈርሰው ይህ ብርቱ ሰው ሄዶ አባትሽ ነኝ ለማለት አቅም አጣ።

ላሪ ትሬነርም በ1961 አዲስ አውሮፕላን የሚሞክር የአየር ኃይል መኰንን ነበር። ሚስትና ልጆች እያሉት ፍቅሩ ለሌላ ወንድ ነበረና፥ ይህን ሸሽጎ ሁለት ሕይወት ይኖር ነበር። በበረራው ላይ ሳለ ከሰማይ የመጣ አንድ እንግዳ ኃይል ገባበትና አውሮፕላኑ ወድቆ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ ሰውነቱ መርዛም ጨረር የሚያወጣ ሆነና በፋሻ ተጠቅልሎ ኖረ። ፋሻው ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ አስቀድሞ በኑሮው ተጠምጥሞበት የነበረው መሸሸጊያ በገላው ላይ ተገለጠ እንጂ። ሪታ ፋር ደግሞ በ1950ዎቹ ዓመታት ስለ ውበቷ የተደነቀች የፊልም ተዋናይት ነበረች፤ አሁን ልቧ በታወከ ቍጥር ገላዋ እንደ ሰም ይቀልጣል። መልኳን ብቻ ጠብቃ የኖረች ሴት መልኳን መያዝ አቃታት ማለት ነው። ጄንም በሕፃንነቷ አባቷ ከፈጸመባት ግፍ የተነሣ ነፍሷ ተከፋፈለች፤ ከክፋዮቹም እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ኃይል አለው። በመጀመሪያው ዙር በ9ኛው ክፍል ክሊፍ ወደ አእምሮዋ ውስጥ ገብቶ ሲፈልጋት፥ ተመልካቹ ይህች ቍጡ ሴት የምትጠብቀው ከሥር የተደበቀችውን አንዲት ሕፃን መሆኑን ያያል።

በአሠራሩም በኩል ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ክሊፍንና ላሪን በአሁኑ መልካቸው የሚሠሩት ሁለት ሁለት ተዋንያን ናቸው። ብሬንደን ፍሬዘር ለክሊፍ ድምፁን ሲሰጥ፥ የብረቱን ልብስ ለብሶ የሚንቀሳቀሰው ራይሊ ሻናሃን ነው፤ ማት ቦመርም ለላሪ ድምፁን ሲሰጥ በፋሻ ውስጥ የሚታየው ማቲው ዙክ ነው። ሁለቱ ተዋንያን በፊታቸው የሚታዩት የቀድሞው ዘመን ሲነገር ነው። ከዚህ የተነሣ ተመልካች እንባም ፈገግታም ሳያይ፥ ከትከሻ መውደቅና ከድምፅ መሰበር ብቻ ኀዘንን ማንበብ ይማራል። ፊት የሌለው ሰው ፊት ካላቸው ይልቅ ልብን ሲነካ ማየት የሚያስደንቅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የአለቃው የናይልስ ኮልደር ነገር ነው። ይህ ሰው የወደቁትን አንሥቶ፥ በቤቱ አስቀምጦ፥ ለብዙ ዓመት እንደ አባት አስተዳድሯቸዋል። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ግን ያ ሁሉ አደጋ በእርሱ እጅ የተደረገ መሆኑ ይገለጣል። ምክንያቱም ክፋት ብቻ አልነበረም፤ ዕድሜዋ እጅግ የሚረዝም፥ ኃይሏም የሚያስፈራ ልጅ ስላለችው፥ እርስዋን ለመጠበቅ ራሱ የማይሞትበትን መንገድ ሲፈልግ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ ሙከራ አደረገ። እንግዲህ ያቈሰለህ ሰውና ቍስልህን ያሠረልህ ሰው አንድ ሆኖ ቢገኝ ምን ይባላል? ምስጋናው ይቀራልን፥ ወይስ በደሉ ይረሳል? ለራሱ ልጅ ያለው ፍቅርስ የሌሎችን ልጆች ያጠፋበትን ሥራ ያቀልለታልን? ድራማው ለዚህ ፈጣን መልስ አልሰጠም፤ በሁለተኛው ዙር ሁሉም ከእርሱ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፥ አንዱ እየተቈጣ፥ አንዱ ዝም እያለ፥ ይቅርታ በአንድ ቀን ተነግሮ የሚያልቅ ቃል አለመሆኑን አሳየ። በጡጫ የሚፈጸም ታሪክ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሊሸከም ባልቻለም ነበር።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ላይ አንድ አደጋ አለ። ሰው የራሱን ቍስል ብቻ ሲመረምር የኖረ እንደ ሆነ፥ በደጁ የሚጮኸውን ጎረቤት ላይሰማ ይችላል። የጥንቱ መጽሔት ምንም እንኳ የሰዎቹን ልብ በጥቂት መስመር ብቻ ቢነካ፥ ይህን ነገር አልረሳም ነበር። በ1968 ገዢው አንሶ መጽሔቱ ሊቋረጥ በሆነ ጊዜ፥ በ121ኛው ቍጥር ላይ ጠላት አራቱን ይዞ ምርጫ ሰጣቸው፤ ወይ እነርሱ ይሞታሉ፥ ወይ በሜይን ግዛት ያለች ኮድስቪል የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ትጠፋለች። በመንደሪቱ የነበሩት 14 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱን አያውቁም። አራቱ ግን ለ14ቱ ሞትን መረጡ። ዓለም የናቃቸው ሰዎች፥ ዓለም ለማይቈጥራቸው ሰዎች ሞቱ።

አዲሱ ድራማ ይህን ሸክም ጥሎት ቢሆን ኖሮ፥ ጥበቡ ሁሉ የራስን ኀዘን ማስታመም ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን አልጣለውም፤ በመጀመሪያው ክፍል ራሱ አስቀመጠው። ጠላት ክሎቨርተን የምትባለውን ትንሽ ከተማ ሊያጠፋ በመጣ ጊዜ አለቃቸው ሽሹ አላቸው፤ የሚሸሹበትም አውቶቡስ ተዘጋጀ። መሸሽ ለእነርሱ የለመዱት ነገር ነበር፤ ያቺም ከተማ ባየቻቸው ጊዜ ደንግጣባቸዋለች። ሆኖም ተመልሰው ቆሙላት። ድል ለማድረግ እንደማይበቁ ራሳቸውም ያውቃሉ፤ የተመለሱት ስለ በረቱ አልነበረም፤ መጣል ምን እንደ ሆነ ስላወቁ ነው።

እንግዲህ የኃያላንን ታሪክ እንደገና የሚያስብ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ይህ ነው። የጀግናውን ውስጥ መግለጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውስጡ የተገለጠው ወደ ሌላው ሰው የሚወጣበት በር እንዲሆን ነው። ቍስሉን ያላየንለት ኃያል ምስል ብቻ ነው፤ ከቍስሉ ሌላ ምንም የማያይ ኃያል ደግሞ በሽተኛ ብቻ ነው። ቍስሉን ይዞ ለ14 እንግዶች የሚቆም እርሱ ግን በብረትም ይሸፈን በፋሻ፥ ሰው ነው።